በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ምን ይሽጥ?

በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ማግኘት አዳራሽ ከማግኘት አይተናነስም። ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም መያዣ ባሉት ሳምንታት ቅዳሜና እሑድ አይበቁም፤ ሐሙስ ሰርግ፣ ሰኞ መልስ፣ ማክሰኞ ቅልቅል ይሆናል። ጾሙ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ካሜራው ከቦርሳው አይወጣም። ይህን ውጣ ውረድ የሙያው ሰዎች ከድሮም ያውቁታል፤ የቤት ኪራያቸውንም በዚያው ልክ አብቃቅተው መክፈል ለምደዋል። ያልለመዱት በጥርም ጭምር ስልኩ እንደ ቀድሞው አለመጮሁን ነው።

ቅልቅሉን የሙሽራዋ የአክስት ልጅ በስልኩ ቀርጾ በዚያው ምሽት ቲክቶክ ላይ ይለጥፈዋል። የካፌውን ሜኑ ገንዘብ ያዧ በካንቫ ትሠራዋለች። ወደ አማርኛ የሚመለስ መመሪያ ለተርጓሚው የሚደርሰው ማሽን ከተረጎመው በኋላ ነው፤ «እስቲ ዐይንህን ጣል አድርግበት» ይባላል፣ ክፍያውም የዐይን ጣል ማድረጊያ ያህል ነው። ፎቶ አንሺው፣ ግራፊክ ዲዛይነሩ፣ ኤዲተሩ፣ ተርጓሚውና ድምፅ ሰጪው ሙያቸው ቢለያይም የተደቀነባቸው ጥያቄ አንድ ሆኗል፦ ከእንግዲህ ምን እንሽጥ?

ምክር ሞልቷል። አዲስ መሣሪያ ተማር፣ ወደ ውጭ ገበያ ውጣ፣ ተከታይ አፍራ የማይል አሠልጣኝ የለም። በዚህ ዳሰሳ ምክሮቹን እዚህ ካለው ገበያ ጋር ላስተያያቸው እሞክራለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ የረከሰው ሥራን መሥራቱ ነው፤ ለተሠራው ሥራ ተጠያቂ ሆኖ መቆም አልረከሰም። በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ንግዱን ማስተካከል ካለበት፣ የሚከፈለው በዚህ ባልረከሰው በኩል እንዲሆን አድርጎ ነው።

ገበያ ሲገለበጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሙዚቃውን ብቻ ብናይ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ዘፈኑን ቀረጸ፣ ሸክላውንም ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ካሴት መጣና ሸክላው ቀረ። ካሴቱን ሲዲ፣ ሲዲውን ፍላሽ፣ ፍላሹን ዩቲዩብ ተካው። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ክፉኛ የተመታው ቅጂ በመሸጥ የሚኖረው ነው። ዘፋኙ ከአልበም ያጣውን ከመድረክ መፈለግ ጀመረ፤ አልበሙ ራሱ የኮንሰርቱ ማስታወቂያ እስከ መሆን ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካን ጨምሮ የሙዚቃ ሰዎች ተሰባስበው አውታር የተባለውን መተግበሪያ ያወጡትም መሸጫውን በባለሙያው እጅ ለማስገባት ነበር። በብሩሽ ታፔላ ይጽፉ የነበሩ ሠዓሊዎችም የባነር ማተሚያው ሲመጣ ይህንኑ አይተዋል። ከእነሱ መካከል የቆየው ደንበኛውን ይዞ ማተሚያ ቤት ጋር የተዋዋለው ነው፤ የእጁን ጽሑፍ ውበት ብቻ ተማምኖ የተቀመጠው ግን ገበያው ጥሎት ሄደ።

ደግሞ ለውጥ ሁሉ አጥፊ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጡን ፊልም ይገድላል ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ጩኸቱ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሆኖም በዚያው በር ተርጓሚ፣ ድምፅ ሰጪና የድምፅ ባለሙያ በብዛት የሚፈልግ፣ ከዚያ በፊት እምብዛም ያልነበረ የሥራ መስመር ተከፈተ። ጉግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን የጨመረው ያንኑ ዓመት መሆኑ ይገርማል። ተርጓሚው በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ በር ሲከፈትለት ሌላው መጥበብ ጀመረበት።

ወደ ምክሮቹ እንግባ። ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው አዲስ መሣሪያ ተማር የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን ሥዕል ከጽሑፍ ማውጣት ጀመሩ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን የማያውቅ ባለሙያ ወደ ኋላ ይቀራል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። እኔ የተማርኩትን ደንበኛዬም በሳምንት ውስጥ ይማረዋል። መሣሪያ ማወቅ ብቻውን የሚያስከፍለው መሣሪያው ብርቅ ሆኖ እስከ ቆየበት ጊዜ ድረስ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ እያጠረ ሄዷል።

ማሽኑ ያወጣውን የበዓል ፖስተር ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ይገለጣል። ሴቲቱ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጥለቱ ግን ከአንገቷ ተነስቶ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ጀበናው ሁለት አፍ አለው። ቡናው የተቀዳው እጀታ ባለው የፈረንጅ ኩባያ ነው። ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ» መባል በነበረበት ቦታ ፊደል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከሀ እስከ ፐ ቢፈለጉ የማይገኙ ምልክቶች ተደርድረዋል። በዚህ ተመክቶ «ማሽን አማርኛ አይችልም» ብሎ መተኛት ሞኝነት ነው፤ በየወሩ እየተሻሻለ ነውና። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ባነሩ 20 ሜትር ሆኖ ታትሞ መንገድ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ፊደሉ ተሳስቶ ቢገኝ የሚደወልለት ሰው ማን ነው? ማሽኑ አይደወልለትም።

የፊደል ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እዚህ አገር ዲዛይነር የሆነ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጣጣ አለ። ደንበኛው ጽሑፉን በድሮዎቹ የአማርኛ መተየቢያዎች፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ፣ አስተይቦ ይልካል፤ ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ገጹ በሙሉ የላቲን ምልክት ይሆናል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም የየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ዛሬም በአሮጌው መንገድ የተተየበ ሰነድ ሞልቶበታል። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ሲቀየር አንዳንድ ፊደል ይዘላል፣ አንዳንዱ ይለወጣል፤ ከመቶ ገጽ መጽሐፍ ውስጥ የጠፋችውን አንዲት «ጿ» ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ያስፈልጋል። ተርጓሚውም እንደዚሁ። መመሪያው ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ የባንክ ደንበኛን ሁሉ «አንተ» እያለ ከጻፈ፣ ስሙን አስቀምጦ «ይህ ትክክል ነው» የሚል ሰው ዋጋ አለው። ይህን አገልግሎት በገጽ ብዛት መሸጥ ግን ከስሮ መሸጥ ነው። የሚሸጠው የማረጋገጥ ኃላፊነት ስለሆነ ዋጋውም በስህተቱ ክብደት መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ምክር ወደ ውጭ ገበያ ውጣ ይላል። ሒሳቡ ያጓጓል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 200 ዶላር የሚያስገኝ ሥራ በ57 ብር ሲመነዘር 11,400 ብር ነበር፤ ዶላሩ 130 ብር ሲሆን 26,000 ብር ይሆናል። ግን ይኸው ምንዛሪ በሌላ በር ገብቶ ይወስዳል። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ሶፍትዌር ከ1,140 ብር ወደ 2,600 ብር ይሻገራል። ሌንስ፣ ባትሪ፣ ሜሞሪ ካርድ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። የሰርግ ዋጋ ግን በብር ነው፤ የሙሽራው ደመወዝም እንደ ዶላሩ አልጨመረም።

ሥራ የሚያገናኙት ድረ ገጾችም ነፃ መንገድ አይደሉም። ፋይቨር ከባለሙያው ክፍያ 20 በመቶ ይቆርጣል። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ገንዘብ መቀበያ ስለማይሆን ብዙው ሰው ውጭ ባለ ወንድም ወይም ጓደኛ በኩል ያስቀበላል፤ ሥራው የአንዱ፣ አካውንቱ የሌላው ይሆናል፤ ቅሬታ ሲመጣም ማን እንደሚመልስ አይታወቅም። በዚያ ላይ ዓለም አቀፉ ገበያ ላይ ያለው ፉክክር ከላሆርና ከማኒላ ባለሙያ ጋር ነው። እነሱ ገበያውን ከኛ በፊት ለምደውታል። በዋጋ ብቻ ከገባን መጨረሻችን ለሎጎ 5 ዶላር መቀበል ነው።

ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚታየኝ በአማርኛ ላይ የቆመው የውጭ ገበያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ምግብ ቤት ሜኑውን በሁለት ቋንቋ ይፈልጋል። አውሮፓ ያለ ደብር የምሥረታ በዓሉን መጽሔት ያሳትማል። ልጆቹ አማርኛ እንዳይረሱበት የሚጨነቅ ቤተሰብ ሥዕል ያለበት የፊደል መጽሐፍ ይገዛል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህን ሥራ የላሆሩ ባለሙያ አይነጥቀንም። ዳያስፖራው ደንበኛ የሚቸግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በቀጠሮ ቀን የሚያስረክብ ሰው። «ነገ» ተብሎ ለሦስት ሳምንት የተጉላላ ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ ለማኅበሩ ሰው ሁሉ ሲነግርም ይከርማል።

ሦስተኛው ምክር ተከታይ አፍራ የሚለው ነው። ኬቨን ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የፈጠራ ባለሙያ 1,000 እውነተኛ ወዳጆች ካሉት፣ እያንዳንዳቸውም በዓመት 100 ዶላር ቢያወጡለት፣ መኖር ይችላል ሲል ጽፎ ነበር። ስሌቱ የካሊፎርኒያ ነው፤ ቢሆንም ወደኛ ሲመጣ ከንቱ አይሆንም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ መሰብሰብ ይቻላል። የፎቶ ኤዲቲንግ ትምህርት በቴሌግራም 500 ብር የሚሸጥ ሰው 100 ተማሪ ቢያገኝ 50,000 ብር ነው።

ችግሩ ተከታዩ ያለው በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጧል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ተገድበው ሰው በቪፒኤን ሲገባ ከርሟል። በእነዚያ ወራት የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ የጻፈ ባለሙያ ደወለና ሥራውን ቀጠለ። ተከታዮቹን በሺህ ሲቆጥር የነበረውና አንድም ቁጥር ያልያዘው ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ተከታይ ማፍራቱ መልካም ነው፤ ደብተሩ ግን ይቅደም።

አሁን ምክር ሰጪዎች እምብዛም ወደማይነኩት፣ እኔ ግን የነገሩ ዋና ወደምለው ልምጣ። የብዙው ባለሙያ ኪሳራ የሚጀምረው ገበያው ከመቀዝቀዙ በፊት በራሱ አሠራር ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ቴሌግራም ይጮኻል፦

«የኔ እህት፣ ቀለሙን ብቻ ትንሽ ቀየር አድርጊልኝ።»

ቀለሙ ይቀየራል። ጠዋት ሌላ መልእክት፦ «አለቃዬ አየውና የበፊቱ ይሻላል አለ። ሎጎው ግን ተለቅ ይበል።» ከሰዓት በኋላ፦ «ስልክ ቁጥሩ ተሳስቷል፤ እኛ ነን የተሳሳትነው፣ ይቅርታ።» በሳምንቱ ደግሞ የድርጅቱ ስም ራሱ ይቀየራል። ክፍያው ሲነሳ መልሱ «ለእናንተማ ምን አላት፣ አንዴ ነካ ማድረግ እኮ ነው» ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ደንበኛው ክፉ ሰው አይደለም። ስንት ጊዜ ማስተካከል እንደተፈቀደለት ማንም አልነገረውም።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ውል ነው። ሥራው ሲጀመር ግማሹ ቀብድ ይከፈላል፤ ሰርግ ከሆነ ቀኑ የሚያዘው ቀብዱ ሲገባ ነው። ማስተካከያ ሁለት ጊዜ በነፃ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ይህን ያህል ብር። የሚረከበው ለኅትመት የተዘጋጀው ፋይል ይሁን ዋናው ፋይል ይገለጻል። ጥሬ ቪዲዮው ስንት ወር ይቀመጣል፣ ሰርጉ ቢራዘም ቀብዱ ምን ይሆናል፣ ይጻፋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውል በመርህ ደረጃ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ስምምነት ዕውቅና ይሰጣል። ስለዚህ «ከዘመድ ጋር እንዴት ውል እንፈራረማለን» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ውሉን በመልእክት ልኮ «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ማስቀመጥም መነሻ ይሆናል። ከዘመድ ጋር እንዲያውም ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ ሌላ ደንበኛ ይገኛል፣ ከአጎት ጋር ተጣልቶ ግን በዓል ሲመጣ ያስቸግራል።

ከሁሉ የከፋው ክፍተት የባለቤትነቱ ነው። ብዙ ፎቶ አንሺና ዲዛይነር «እኔ የሠራሁት የኔ ነው» ብሎ ያምናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን በቅጥር ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ቀጣሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። የጥበቃ ዘመኑም አንድ አይደለም፤ በመርህ ደረጃ ሥራው የደራሲውን ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲጠበቅ፣ ፎቶግራፍ ግን ከተዘጋጀ 25 ዓመት ብቻ ነው። ለአንድ ካላንደር ተብሎ የተነሳ የላሊበላ ፎቶ በሚቀጥለው ዓመት በብስኩት ካርቶን ላይ ብታየው፣ ውልህ ዝም ካለ መብቱን ያጣኸው ራስህ ነህ። «ፎቶው ለ2018 ካላንደር ብቻ ያገለግላል፤ ለሌላ ጥቅም እንደገና ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ያንን ፎቶ በየዓመቱ የሚከፈልበት ንብረት ያደርገዋል።

የደረሰኝም ነገር አለ። ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ተቋማት ጥሩ ይከፍላሉ፤ ግን ሦስት ፕሮፎርማ፣ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ፈቃድ የሌለው ባለሙያ ሥራውን ሠርቶ ደረሰኙን ከሰው ሊገዛ ይሞክራል፤ ይህ ወንጀል መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ዝም ይላል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት አገልግሎት አቅራቢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ከፋዩ ድርጅት 30 በመቶ ቀንሶ ያስቀራል። ፈቃድ ማውጣትና ሒሳብ መያዝ አሰልቺ ነው፤ የወረዳው ሰልፍም ይታወቃል። ነገር ግን በቀጠሮ የሚከፍለውና በየወሩ ሥራ ያለው ደንበኛ ያለው በዚያ በር ውስጥ ነው። ለአንድ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ በወር ክፍያ መሥራት ብዙ ሎጎ በተናጠል ከመሸጥ ይሻላል፤ ጾሙም ፍልሰታም ገቢውን አያቋርጠውም።

ፎቶ አንሺውም ሰርግ የሌለበትን ወቅት መሙላት ይችላል። ሰርጉን ያነሳለት ቤተሰብ ልጅ ይወልዳል፤ በ40 ወይም በ80 ቀን ክርስትና አለ፣ ከዚያ ልደት፣ ከዓመታት በኋላ ምርቃት። የቤተሰቡን ቀን የመዘገበ ሰው ሳይጠራ ቀድሞ ይደውላል። ሰኔና ሐምሌ የምርቃት ነው። ዓቢይ ጾም ደግሞ ምግብ ቤቶች የጾም ሜኑ የሚያወጡበት፣ የበያይነቱ ፎቶ የሚፈልጉበት ጊዜ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ሌንስ መግዛት አያስፈልግም።

ለሶፍትዌሩም ቢሆን ዶላር አሳዳጅ መሆን ግድ አይደለም። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ላይ የቆመ ስቱዲዮ አንድ ቀን ቫይረስ ፋይሉን ሲበላው ወይም የውጭ ደንበኛ ፈቃዱን ሲጠይቀው ይወድቃል። በነፃ በሚገኘው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በብሌንደር የተሠራው «ፍሎው» የተባለ የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ወስዷል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም በነፃው ቅጂው የሰርግ ቪዲዮ ለማቀናበር ከበቂ በላይ ነው።

ለሙያ ማኅበራቱና ለቀጣሪ ድርጅቶች ሁለት ነገር ልበል። ዋጋ በስምምነት መወሰን አይቻል ይሆናል፤ አንድ ወጥ የውል ናሙና በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአባላት በነፃ ማሰራጨት ግን የአንድ ስብሰባና የአንድ ጠበቃ ሥራ ነው። ድርጅቶችም ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበው ትንሹን ዋጋ ብቻ ከመምረጥ ይልቅ ያለፉ ሥራዎችን ቢያዩ፣ ቀብድም በሰዓቱ ቢለቁ፣ ባነሩን ሁለት ጊዜ ከማሳተም ይድናሉ።

ይህን የምታነብ ባለሙያ ግን ማኅበሩን አትጠብቅ። ቀጣዩን ሥራ ከመጀመርህ በፊት አንድ ገጽ ጻፍ፤ ቀብዱን፣ የማስተካከያውን ብዛት፣ የሥራውን ባለቤት አስቀምጥበት፣ አስፈርም። ካልጻፍክ የቅጂ መብት አዋጁ ባለቤትነቱን ለደንበኛህ ሰጥቶታል።